ለመካነ ብርሃን ማን ይመስክርላት?

ወደማያውቀው አገር የሚጓዝ እንግዳ አስቀድሞ መንገድ መጠየቁ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን ጥያቄው የሚቀርበው በመንደሩ ዳር ለተቀመጡት ሽማግሌ ሳይሆን ለጉግልና ለመሰሎቹ የመፈለጊያ መሣሪያዎች ሆኗል። ወደ ስሜን ተራራ ለመውጣት ያሰበ የውጭ አገር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ጥቂት ቃላት ጽፎ መልሱን ይጠብቃል፤ ከሚቀርቡለትም ብዙ ገጾች መካከል የሚከፍተው ከላይ የተሰለፉትን ጥቂቶቹን ነው። በቅሎ የሚያከራየው፥ መንገድ የሚመራውና ማደሪያ የሚያሰናዳው የመካነ ብርሃን ሰው ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ከሌለ፥ እንግዳው መኖሩንም ሳያውቅ ይቀራል። ዋጋውን የሚቆርጠውም ትርፉን የሚይዘውም በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ደላላ ይሆናል። እንግዲህ በዛሬው እሑድ የምናነሣው ጉዳይ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነገር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

መካነ ብርሃን በሰሜን ጎንደር የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ወደ እርስዋ ያደርሳል። ዋልያው፥ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው የሚገኙት በዚሁ በስሜን አገር ነው። ታዲያ ይህን ያህል የሚታይ ነገር በደጁ ያለው ሰው እንዴት በኢንተርኔት ላይ የማይታይ ይሆናል?

መልሱን ለማግኘት የመፈለጊያው መሣሪያ ገጾችን በምን እንደሚያበላልጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉት ሁለት ወጣቶች በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ጉግልን ሲያቋቁሙ የተመሠረቱበት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ ጥናት በሌሎች ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ሲጠቀስ ክብሩ ከፍ እንደሚል ሁሉ፥ አንድ ድረ ገጽም ከሌሎች ገጾች ወደ እርሱ የሚያመለክት ማገናኛ፥ ማለት በተለምዶ ሊንክ የምንለው፥ ሲበዛለት ደረጃው ከፍ ይላል የሚል ነው። በዛሬው ጊዜ ሌሎች ብዙ መመዘኛዎች ቢጨመሩም፥ የማገናኛው ምስክርነት ገና አልተሻረም።

ምስክር ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በአገራችን ሸንጎ እንደ ኖረው ልማድ፥ የታመነ ሰው አንድ ቃል ከማይታወቁ የብዙ ሰዎች ጩኸት ይበልጣል። ዩኔስኮ ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ በገጹ ላይ የሚያኖረው ማገናኛ ክብደቱ ትልቅ ነው። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ገጽ ያለውን ክብር ለሚያመለክታቸው ሁሉ ስለሚያካፍል፥ ለሺህ ሰው የሚመሰክር ገጽ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ይህን ያዩ ነጋዴዎች ምስክርነትን በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እንደ ገለጠው፥ ጄ ሲ ፔኒ ለተባለው የአሜሪካ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት የሚመሰክሩ ማገናኛዎች ከንግዱ ጋር ምንም በማይገናኙ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ተዘርተው ተገኙ። ድርጅቱ አላዘዝሁም ቢልም፥ ጉግል በቀጣው ጊዜ በአንድ ዕቃ ፍለጋ ከ1ኛው ደረጃ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ሆነ። በሚያዝያ 2012 ደግሞ ጉግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ እንዲህ ያሉትን ገጾች በጅምላ ዝቅ አደረገ። ስለዚህ «በጥቂት ገንዘብ ሺህ ማገናኛ እንሰጣችኋለን» የሚል ደላላ ሲመጣ፥ ገንዘቡም ስሙም አብሮ እንደሚጠፋ ማሰብ ይገባል።

የጃናሞራ ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የስሜን ፓርክ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ ሳለ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ የገባው፥ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፥ በመንገድ ሥራ ጠንቅ ጭምር ነበር። በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ከተመሰገኑት ሥራዎች አንዱ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው፤ እነዚህም ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየት በኩል እንደሚያልፍ ካልታሰበበት ሊጠቅም የታሰበውን ይጎዳል። ማገናኛም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ደረጃ ሊመሰከርለት የሚገባ ነገር መጻፍ ነው። በበቅሎ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ክረምቱ መንገዱን የሚያከብደው መቼ ነው? ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ይህን ከአገሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለምና፥ በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ የሩቅ ጸሐፊ ራሱ ፈልጎ ይጠቅሰዋል። ሁለተኛ፥ የስም አጻጻፋችን ልዩ ልዩ መሆኑ ይታሰብ። አንዱ ብርሃን ሲል ሌላው ብርሀን ይጽፋል፤ አንዱ ራስ ደጀን ሲል ሌላው ራስ ዳሸን ይላል። ፈላጊው በየትኛው እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁለቱንም በገጹ ውስጥ ማስገባት ይጠቅማል። ሦስተኛ፥ ማገናኛው «እዚህ ይጫኑ» ከሚል ይልቅ «ከመካነ ብርሃን የሚነሣ የእግር ጉዞ» በሚል ቃል ላይ ቢያርፍ፥ መሣሪያውም አንባቢውም ነገሩን ይረዱታል።

በ2016 ዓ.ም. በክልሉ በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ አይዘነጋም። ሰው ከስልኩ ተለይቶ ቢቆይም፥ በውጭ አገር ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽና ወደ እርሱ የሚያመለክት ማገናኛ ግን ባለቤቱ ዝም ባለበት ጊዜ ስለ እርሱ ይናገራሉ። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ የተሰበሰበ እውነተኛ ምስክር ለክፉ ቀን ስንቅ ነው።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለባለ ሥልጣኖች እናቀርባለን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፥ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፥ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች፥ በውጭ አገር ያሉትም ኤምባሲዎቻችን በገጾቻቸው ላይ የአገሬውን አስጎብኚዎች አድራሻ ቢያኖሩ፥ ሥራው ከአንድ መስመር ጽሑፍ አያልፍም። ለአንድ የበቅሎ ባለቤት ግን ያች መስመር የዓመት ግብሩን የምትከፍልለት ልትሆን ትችላለች።