ስለ ኑክሌር ኃይል የሚባለውና እውነታው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደርና በመተማ ዮሐንስ በኩል እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ የተዘረጋው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከውኃ የመነጨ ኃይል ለማስተላለፍ የታሰበ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ለኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ስለ ተፈራረመች፣ ነገ በእንዲህ ያለ ሽቦ ጨረራ አብሮ ይመጣል የሚል ስጋት ቢነሣ አያስገርምም፤ መሠረት ግን የለውም። በሬአክተር ውስጥ የዩራኒየም አቶም እምብርት ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን ከማሽከርከር አልፎ ወደ ሽቦው የሚገባበት መንገድ የለም።

ሬአክተር እንደ አቶሚክ ቦምብ ይፈነዳል መባሉም ስሕተት ነው፤ የአብዛኞቹ ማመንጫዎች ነዳጅ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ የበለጸገ ሲሆን፣ ለቦምብ የሚውለው 90 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤልን ያፈረሰው በዋናነት የእንፋሎት ግፊት ነበር። ይህ ግን ለመዘናጋት ምክንያት አይሆንም፤ ሬአክተሩ ከጠፋ በኋላም ነዳጁ ሙቀት ማመንጨቱን ስለማያቋርጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ ሱናሚው የመጠባበቂያ ጀነሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ማቀዝቀዣው ቆሞ ነዳጁ ቀልጧል።

እንደ መተማ ዮሐንስ ላለች የድንበር ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ ሌላ ነው፤ እርሱም የተተወ የጨረራ ምንጭ ነው። የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጨረራው ወዲያው ስለሚቆም ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፤ በአንጻሩ እንደ ሲዚየም 137 ያለ ምንጭ ማጥፊያ የለውም፣ ኃይሉም በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያንያ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ፣ ይህንኑ ሲዚየም የያዘ የሕክምና መሣሪያ ለቁራሌ ነጋዴ ተሸጦ፣ በጨለማ የሚያበራው ዱቄት በቤተሰብ መካከል ሲከፋፈል አራት ሰዎች ሞተዋል።

መቀመጫውን ቪየና ያደረገው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ማመንጫዎችን እንደሚያዝ ብዙዎች ይገምታሉ። ኢትዮጵያ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ አባሉ ብትሆንም፣ ኤጀንሲው የደኅንነት መስፈርት ከማውጣትና ቁሱ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል ከመፈተሽ አልፎ ፈቃድ አይሰጥም፤ ማመንጫንም አይዘጋም። ይህ የየአገሩ ተቆጣጣሪ ሥልጣን ነው። አሜሪካ ኑክሌርን የሚያስፋፋውና የሚቆጣጠረው አንድ ኮሚሽን መሆኑ አላዋጣ ብሏት እ.ኤ.አ. በ1975 ተቆጣጣሪውን ለየች፤ ጃፓን ግን ተቆጣጣሪዋን በአስፋፊው ሚኒስቴር ሥር አቆይታ የለየችው ከፉኩሺማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ሲቋቋም የሚጠብቀው ሥራ የራጅ መሣሪያንና የጨረራ ምንጭን መመዝገብና መፈተሽ ነበር፤ ማመንጫ ከመጣ ተቆጣጣሪው መንግሥት ራሱ ያስገነባውን ጣቢያ አስቁሞ ለማደር የሚበቃ ሥልጣን ያስፈልገዋል።