«ተመስጥሯልና ደህና ነው»፦ የጃቫና የኤልዳፕ ግንኙነት

የጃቫ ፕሮግራም በኤልዳፕ ወደ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ሲገባ የሠራተኞች ስምና ፓስወርድ በዚያ መስመር ያልፋል። መስመሩ በቲኤልኤስ ሲጠበቅ ጃቫ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ይመረምራል፤ የፈረመውን አካል ካላወቀ «ፒኬአይኤክስ ፓዝ ቢልዲንግ ፌልድ» የሚል ስህተት አውጥቶ ግንኙነቱን ያቋርጣል። ብዙዎች ይህን የሚያልፉት ማንኛውንም ሰርተፊኬት የሚቀበል ትረስት ማኔጀር ጽፈው ነው። መከራከሪያቸውም «መረጃው ለማንኛውም ተመስጥሮ ነው የሚሄደው» የሚል ነው።

አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ መስመሩን አድፍጦ የሚያዳምጥ ሰው ምንም ማንበብ አይችልም። ግን ምስጠራው ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም። መሃል የገባ አጥቂ የራሱን ሰርተፊኬት ያቀርባል፣ ፕሮግራሙም ሳያጣራ ተቀብሎ ፓስወርዱን ይልክለታል። የታሸገ ፖስታን ማንነቱ ላልተጠየቀ ሰው እንደማስረከብ ነው። «ሲምፕል» በተባለው ማረጋገጫ ፓስወርዱ እንዳለ ስለሚላክ አጥቂው የሚፈታው ምስጢር እንኳ የለውም። ለሙከራ ተብሎ የተጻፈ ኮድ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ወደ ሥራ ይገባልና፣ እንዲህ ያለውን ትረስት ማኔጀር እንደ መፍትሔ ማስተማር የሰው ፓስወርድ አሳልፎ መስጠት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከዚያ ኮድ ያጠረ ነው። የፈራሚውን አካል ሰርተፊኬት በ«ኪቱል» ወደ ትረስትስቶር (የሚታመኑ ሰርተፊኬቶች ማከማቻ) ማስገባት አንድ ትዕዛዝ ብቻ ይጠይቃል። የተለየ ትረስትስቶር ከተመደበ ግን ጃቫ «ካሰርትስ» የተባለውን ነባር ትረስትስቶር መመልከቱን ስለሚተው፣ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸው ሌሎች ሰርተፊኬቶችም በአዲሱ ፋይል ውስጥ መኖር አለባቸው።

የስም ማጣራትም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 8 አፕዴት 181 በኤልዳፕስ (ከመነሻው በቲኤልኤስ በሚጠበቅ ኤልዳፕ) ግንኙነት የሰርቨሩን ስም ከሰርተፊኬቱ ጋር ማመሳከር ጀመረ። ግንኙነታቸው የተቋረጠባቸው ብዙዎች ማጣራቱን ማጥፋት መረጡ። በአድራሻው ላይ የአይፒ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ በሰርተፊኬቱ የሰፈረውን ስም መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

«ፖርት 636 ከተጻፈ ደህና ነው» የሚለውም ስህተት ነው። አድራሻው በ«ኤልዳፕስ» ካልጀመረ ወይም የደህንነት ፕሮቶኮሉ «ኤስኤስኤል» ተብሎ ካልተመደበ፣ ጃቫ ወደዚያው ፖርት ያልተመሰጠረ ጥያቄ ይልካል።

በፖርት 389 የሚሠራው ስታርት ቲኤልኤስ ደካማ ነው ይባላል። አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ስምና ፓስወርድ መሰጠት ያለባቸው ምስጠራውን የሚያስጀምረው «ኔጎሺዬት» ከተጠራ በኋላ ነው። የግንኙነቱ ኮንቴክስት ሲፈጠር አብረው ከተሰጡ፣ ምስጠራው ሳይጀመር ፓስወርዱ በግልጽ ይላካል።