ሳሙናችንን የሚበላው ውሃ

በጣና ሐይቅ ትልቁ ደሴት በደቅ ያደገች አንዲት ተማሪ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ መቀሌ ሄደች እንበል። በሐይቁ ዳር ልብስ ስታጥብ ሳሙናው ጨርቁን ገና ሲነካ አረፋ ይደፍቅላት ነበር። በአዲሱ ከተማ የጉድጓድ ውሃ ግን ያንኑ ሳሙና ደጋግማ ብታሽ በአረፋው ፈንታ ግራጫ ዝቃጭ በሳፋው ጠርዝ ይጋገራል፤ ነጭ ነጠላዋም እየደበዘዘ ይሄዳል። ሳሙናው ያው ነው፤ የተለወጠው ውሃው ነው። ለመሆኑ ሳሙናው የት ገባ?

ውሃን ጠጣር የሚያደርገው ምንድን ነው?

የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆናል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግም ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። እነዚህ ማዕድናት የበዙበት ውሃ «ጠጣር»፣ ያነሱበት «ልስልስ» ይባላል። ልኬቱ በካልሲየም ካርቦኔት ይገለጻል፤ በተለመደው አመዳደብ በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ልስልስ፣ ከ180 ሚሊግራም በላይ ያለው ደግሞ በጣም ጠጣር ነው።

በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ በስፋት ይገኛል። ጣና ግን የተኛው በባዛልት ምድር ላይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ዝናብ ያስገቡለታል፤ ዓባይ ደግሞ የተሟሟው ጨው ሳይከማች ይዞት ይወጣል። በዚህም ምክንያት የሐይቁ ውሃ የተሟሟ ማዕድን ጥቂት ነው። በዳርቻው የሚቆፈር ጉድጓድ ግን ከሐይቁ ይልቅ ጠጣር ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ከድንጋዩ ጋር ረዥም ጊዜ ይቆያልና።

ስሌቱ ምን ይላል?

የሳሙና ሞለኪዩል አንደኛው ጫፉ ውሃን፣ ሌላኛው ቅባትን ይወዳል፤ እድፍን ከጨርቅ የሚያላቅቀውም በዚሁ ባሕርይው ነው። አንድ የካልሲየም አዮን ግን ሁለት የሳሙና አዮኖችን ጠፍሮ ወደማይሟሟ ዝቃጭ ይለውጣቸዋል። ካልሲየሙ እስኪያልቅ ድረስ አረፋ የለም።

ሳሙናችን ንጹሕ ሶዲየም ስቴአሬት ነው ብለን እንነሣ። በሊትር 300 ሚሊግራም ጥጥረት ያለው 20 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን፣ 60 ሚሊሞል ካልሲየም ይይዛል። ይህም 120 ሚሊሞል ሳሙና፣ በክብደት 37 ግራም ያህል፣ ያጠፋል። ጥጥረቱ 50 ሚሊግራም ቢሆን የሚጠፋው 6 ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱን በሳምንቱ አጠባ ብናበዛው ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣውን ገንዘብ እናገኘዋለን።

ለቆዳችንስ?

ጠጣር ውሃን መጠጣት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ካልሲየምና ማግኒዚየም ለሰውነት ያስፈልጋሉ። በገላ ላይ የሚቀረው የሳሙና ዝቃጭ ግን ቆዳን ሊያደርቅና ሊያሳክክ ይችላል። ጠጣር ውሃ ባለባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ኤግዚማ በዝቶ መታየቱን የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ይሁንና በእንግሊዝ በ336 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ውሃውን ማለስለስ ለሕመሙ የተለየ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። አብሮ መታየት ብቻውን መንስኤ መሆንን እንደማያረጋግጥ ከዚህ እንማራለን።

ምን እናድርግ?

ቀላሉ መንገድ የዝናብ ውሃን ለአጠባ ማጠራቀም ነው። ማፍላትም ባይካርቦኔት የፈጠረውን ጊዜያዊ ጥጥረት ያስወግዳል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። በሰልፌት የመጣው ቋሚ ጥጥረት ግን በማፍላት አይለቅም። ለእርሱ የልብስ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ያስፈልጋል።

የዱቄት ሳሙና በጠጣር ውሃም አረፋ ይሰጣል። ሆኖም በአንዳንዱ ውስጥ ካልሲየምን ለመያዝ የሚጨመረው ፎስፌት ሐይቅ ሲገባ ለአልጌና ለውሃ አረም ምግብ ይሆናል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእምቦጭ ለተቸገረው ጣና ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ምንም እንኳ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ደለል ድርሻ ቢኖራቸውም።

እናቶቻችን ነጭ ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድም አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በተባለ ውሁድ ሲሆን፣ ይህ ውሁድ እንደ ሳሙና በካልሲየም በቀላሉ አይዘቅጥም። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ያስተዋሉትን አንርሳ፤ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኝተዋል። እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው። ስለዚህ በእንዶድም ሆነ በዱቄት ሳሙና ያጠብንበትን እጣቢ ከሐይቁ ርቀን አፈር ላይ እናፍስስ።

እናንተም ሞክሩት

በሁለት እኩል «ሃይላንድ» ጠርሙሶች የዝናብና የጉድጓድ ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉ። በየጠርሙሱ እኩል የተፈቀፈቀ የልብስ ሳሙና ጨምሩና እኩል ጊዜ ናጡ። የትኛው ቀድሞ አረፋ ደፈቀ? የትኛውስ ደፈረሰ? በሰፈራችሁ ያለው ውሃ ምን ያህል ሳሙና እንደሚበላ ያን ጊዜ በዓይናችሁ ታያላችሁ።