ቁርኣን በእጅ፣ መጻሕፍት በጎን

ረመዷን የጾም ወር ብቻ ሳይሆን የንባብም ወር ነው። ቁርኣን መውረድ የጀመረው በዚህ ወር ነው፤ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሒራ ዋሻ የመጣው የመጀመሪያው ትእዛዝም የማንበብ ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ ጨረቃ ታየች በተባለ ማግስት በየቤታችን ከመደርደሪያ የሚወርደው ቁርኣን ብቻውን አይደለም። አባት የተፍሲር መጽሐፍ ያወጣል። እናት ባለፈው ዓመት ግማሽ ላይ ያቆመችውን የነቢዩን የሕይወት ታሪክ ትፈልጋለች። ልጅ ለፈተና የሚዘጋጅበትን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዟል፤ ትልቋ እህቱ ደግሞ የጀመረችውን ልብ ወለድ ትራሷ ሥር አስቀምጣለች።

ንባብ የሚወድ ሰው ጠባዩ ይኸው ነው። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይከፍታል፤ ሦስተኛውን ከጓደኛው ይዋሳል። በሌላው ወር ይህ ብዙም አያስጨንቅም፣ ያልተጨረሰ መጽሐፍ ይጠብቃልና። ረመዷን ግን አይጠብቅም፤ 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ያልፋል። በዒድ ዋዜማ አራት የተጀመሩ መጻሕፍት ከፊታችን ተደርድረው ቁርኣኑን ግን ሳናኸትም ብንቀር የሚሰማንን ቅሬታ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ታዲያ ብዙ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ማንበብ ትርፍ ነው ወይስ መበታተን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የወሩን አጠቃቀም የሚወስን ነው።

በቀሐ ዳርቻ

ጉዳዩን ከጎንደር፣ ከቀሐ ወንዝ ዳርቻ ብንጀምረው ይቀርበናል። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር ታሪክ ከዚህ ወንዝ ጋር የተሳሰረ ነው። ዓፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በልጃቸው በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እነሱም ከቤተ መንግሥቱ ዝቅ ብሎ በወንዙ በኩል ያለውን ቦታ ያዙ። ቀድሞ እስላም ቤት ይባል የነበረው ሰፈር ዛሬ አዲስ ዓለም በሚለው ስሙ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ መጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በሙስሊሞች ሰፈር ነበር። ነዋሪዎቹ ታታሪ ሠራተኞች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም የንጉሡንና የመኳንንቱን ድንኳን በመትከልና በመንቀል፣ በቅሎ በመጫንና ጓዝ በመምራት እንደሚተዳደሩ ጽፏል። ሌሎቹ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ነበሩ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ለንባብ ሰፊ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ሲራራ ነጋዴው ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይወርዳል፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ ሳይወጣ ይውላል። ልጁ ግን ቁርኣን ቤት ይገባል። በዚያም ከንባብ ሥርዓቶች ሁሉ ጥብቁን ይማራል። በእንጨት ለውሕ ላይ ጥቂት አያዎች ይጻፉለታል፤ በቃሉ እስኪይዛቸው ድረስ እነሱኑ ደጋግሞ ይቀራል። ኡስታዙ ሰምቶ ሲያጸድቅለት ብቻ ለውሑ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ለውሑ ሁለት ትምህርት አንድ ላይ አይዝም። የመጀመሪያው ካልጠና ሁለተኛው የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ቁርኣኑን ያኸተመ ደረሳ ወደ ኪታብ ሲሻገር ግን ዓለሙ ይሰፋል። ተውሒድ፣ ፊቅህ፣ ነህው፣ ሰርፍ፣ ሐዲስ፣ ተፍሲር እያለ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ኪታብ፣ የራሱም ዐዋቂ አለው። በወሎና በአካባቢው ደረሳው ለነህው አንዱ ሼኽ ዘንድ፣ ለፊቅህ ሌላው ዘንድ በእግሩ የሚጓዘው ለዚህ ነው። የአንዱን ዘርፍ ኪታብ ሲይዝ የሌላውን አይረሳም፤ የትናንቱን እየከለሰ የዛሬውን ይቀራል።

ከዚህ ምድር የተነሣ ስም በካይሮም አለ። በአል-አዝሀር ለሀገራችን ሙስሊም ደረሳዎች ማደሪያና መማሪያ የነበረው ክፍል «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል ነበር። ከዚያ ወገን የተወለዱት ሼኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፊቅህ ጎን ሒሳብንና የከዋክብትን ዕውቀት ያስተማሩ፣ ብዙ ኪታብ የሰበሰቡ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ ደግሞ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብጽን ሲወር በዓይኑ ያየውን የጻፈ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ሆኗል። በብዙ ዘርፍ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለት ምክር ከአንድ ኪታብ

ከ800 ዓመታት በፊት ገደማ የኖሩት ኢማም አዝ-ዘርኑጂ ስለ ተማሪ ሥርዓት በጻፉት «ተዕሊሙል ሙተዐሊም» በተባለው ኪታብ ውስጥ ለጥያቄያችን ሁለት መልስ እናገኛለን። በአንድ በኩል ተማሪው በያዘው ኪታብ ላይ እንዲጸና፣ ጎዶሎ አድርጎ እንዳይተወው፣ የመጀመሪያውን ዘርፍ ሳያደላድል ወደ ሌላው እንዳይዘል ይመክራሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የኢማም አቡ ሐኒፋን ደረሳ የሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒን ልማድ ያወሳሉ። ሸይባኒ ሌሊቱን ለንባብ ይሰጡ ነበር። ብዙ ደብተሮች አጠገባቸው ይደረድራሉ፤ ከአንዱ ዓይነት ሲሰለቹ ሌላውን ዓይነት ያነሣሉ፤ እንቅልፍም ሲመጣ በውኃ ያባርሩታል። ስለ ታላቁ ሶሐባ ስለ ኢብኑ ዐባስም ከከባድ ውይይት ሲደክሙ የግጥም መድብል እንዲመጣላቸው ይጠይቁ እንደነበር እዚያው ተጽፏል። እኛስ ከረጅም ቂርኣት በኋላ መንዙማ የምናዳምጠው ለዚሁ አይደለም?

ሁለቱ ምክሮች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን አይጣሉም። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ መሠረት ነው። ፊደል ሳይለዩ ተፍሲር፣ መነሻውን ሳያውቁ መድረሻውን መክፈት መንሳፈፍ ነው። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ድካም ነው። ሸይባኒ ደብተር የሚለውጡት አእምሯቸው ሲዝል እንጂ ነገሩ ሲከብዳቸው አልነበረም። የሚያነሡትም ሌላ ዓይነት ነበር፤ ደግሞም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ከባድ ገጽ ሲገጥመው ወደ ቀላሉ የሚሸሽና ተመልሶ የማይመጣ አንባቢ ግን የሸይባኒን መንገድ ይዟል አይባልም።

የዘመኑ ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮርኔልና ብዮርክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሠዓሊዎችን የአሣሣል ስልት ለተማሪዎች በሁለት መንገድ አሳዩ። በአንዱ የእያንዳንዱን ሠዓሊ ሥራዎች በተከታታይ፣ በሌላው የተለያዩ ሠዓሊዎችን ሥራዎች አሰባጥረው ነበር። ተሰባጥሮ የቀረበው በተሻለ ሁኔታ ተያዘ፤ የሚገርመው ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች በተከታታይ ያዩት የበለጠ የገባቸው መስሏቸው ነበር። በተቃራኒው ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት አንድ ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ከሐሳቡ ከፊሉን እዚያው ጥሎ እንደሚሄድ አሳይታለች። ማሰባጠር ይጠቅማል፤ በየደቂቃው መዝለል ይጎዳል። ስልካችን አጠገባችን እየጮኸ የምናነበው ንባብ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለሁላችንም ግልጽ ነው።

ረመዷን ሲገባ

ይህ ሁሉ ለዘወትሩ ነው። ረመዷን ግን የራሱ ሚዛን አለው። የመዲናው ሊቅ ኢማም ማሊክ ዓመቱን ሙሉ ሐዲስ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ወሩ ሲገባ ግን የሐዲስ ጉባኤያቸውን ትተው ወደ ቁርኣን ይመለሱ እንደነበር ይነገራል። ሐዲስን የመሰለ ዕውቀት ለአንድ ወር ጎን ከተባለ፣ ትራስ ሥር ያለው ልብ ወለድ መጠበቅ አያቅተውም።

ይሁን እንጂ ቁርኣንም ቢሆን በጥድፊያ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር የተባለው ወጣት ሶሐባ በየቀኑ እያኸተመ መቅራት ፈልጎ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ እንዲያኸትም መከሩት፤ እሱ የበለጠ እችላለሁ ሲል ቀስ በቀስ እስከ ሰባት ቀን አወረዱለት። በሌላ ዘገባም ከሦስት ቀን ባነሰ የሚያኸትም ሰው መልእክቱን እንደማይረዳው ተነግሯል። ልብ እንበል፤ መነሻው ምክር አንድ ወር ነበር። እኛ ለረመዷን የምንይዘውም ይህንኑ ነው።

ስሌቱም አያስፈራም። በብዛት የሚሠራበት የመዲና ኅትመት ቁርኣን 604 ገጽ አለው፤ በ30 ጁዝእ ሲከፈል ለቀን 20 ገጽ ገደማ ይደርሳል። ከአምስቱ ሶላት በኋላ አራት አራት ገጽ ብንቀራ ቀኑ ሞላ ማለት ነው። ወሩ 29 ቀን ሊሆን ስለሚችል በቀን አንድ ገጽ መጨመር ከመጨረሻው ሌሊት ጭንቀት ያድናል።

ለብዙዎቻችን ይህ ራሱ የሁለት መጻሕፍት ንባብ ነው። በዐረብኛ የቀራነውን በአማርኛ ለመረዳት ትርጉሙን ጎን ለጎን እንከፍታለን። በሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. እስኪታተም ድረስ፣ ዐረብኛ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ምእመን ትርጉሙን የሚያገኘው ከዐዋቂዎች አንደበት ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በቤታችን አለ። 20 ገጹን በዐረብኛ ቀርቶ የአንዲት ገጽ ትርጉም እንኳ በእርጋታ ማንበብ፣ በወሩ መጨረሻ ከ30 ገጽ ጋር ያስተዋውቃል።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሰዓቱን

ሸማኔ ድሩን ሳይወጥር ማግ አይወረውርም። በዚህ ወር ድሩ ቁርኣን ነው፤ ሌላው ንባብ በመካከሉ የሚገባ ማግ ነው። ይህ ከታወቀ የቀረው ሰዓት መደልደል ብቻ ይሆናል።

ከስሁር በኋላ፣ ከሱብሒ ሶላት እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ጊዜ አእምሮ የሚነቃበት፣ ቤቱም ጸጥ የሚልበት ነው። ይህ ለቁርኣን ይሁን። ተማሪ ልጅ ካለ ከባዱን የፈተና ትምህርቱንም ከዚያ ቀጥሎ ቢያነብ ከሰዓት በኋላ ረኃብና ጥም አያሸንፉትም። ከዙህር በኋላ ያለው ጊዜ ለሲራ ወይም ለሐዲስ መልካም ነው፤ ታሪክ የደከመን አንባቢ ይዞ ይጓዛል። ከተራዊሕ በኋላ የተረፈች ሩብ ሰዓት ካለች ደግሞ ለቀላሉ መጽሐፍ ትሁን። ባለ 300 ገጹን ልብ ወለድ በቀን አሥር ገጽ ያነበበ ሰው በወሩ ይጨርሰዋል።

መጻሕፍቱ በዓይነት ይለያዩ። ሁለት ሲራ ወይም ሁለት ተፍሲር አንድ ላይ የያዘ ሰው ያነበበውን ከየትኛው እንዳገኘው ይቀላቀልበታል። ከቁርኣን ጎን ከሁለት በላይ መጽሐፍ መያዝም ለዚህ ወር ሸክም ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጋር ትንሽ ወረቀት ትቀመጥ፤ መጽሐፉ ሲዘጋ የደረስንበት ገጽና የገባን አንድ ነገር በአንድ መስመር ይጻፍባት። በማግስቱ ስንከፍተው ካቆምንበት እንነሣለን እንጂ ወደ ኋላ አንመለስም።

ከሁሉ በላይ ግን በቤታችን የማን ሰዓት በምን እንደሚያልቅ እንይ። ከአስር እስከ መግሪብ ሳምቡሳ የምትጠቀልል፣ ሾርባ የምታማስል፣ ለስሁርም ቀድማ የምትነሣ እናት ቁርኣኗን የምታኸትመው መቼ ነው? የሌሎቻችን ኻቲማ በእሷ ሰዓት የተገዛ እንዳይሆን። ሊጡን አንዱ ልጅ ቢዳምጥ፣ ዕቃውን ሌላው ቢያጥብ፣ የኢፍጧሩም ምግብ ዓይነት በሁለት ቢቀንስ ለእሷ አራት ገጽ ይተርፋል። ማንበብ ለማይችሉ አያቶችም እንዲሁ ነው። ልጅ ከአስር በኋላ አንዲት ገጽ ትርጉም ወይም አንድ የሲራ ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብላቸው፣ እነሱ ይሰማሉ፤ ልጁም አማርኛውን ያጠራል፤ የዱዓቸውም ተካፋይ ይሆናል።

በወሩ አጋማሽ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ቢኖር የሚዘጋው የጎኑን መጽሐፍ ነው፤ ድሩን አይበጥስም። በተለይ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ ሌላው ሁሉ ወደ መደርደሪያው ቢመለስ አይቆጭም፤ ለይለቱል ቀድር የሚፈለገው በእነዚያ ሌሊቶች ነው። ያልተጨረሰው መጽሐፍ ምልክቱ እንደተሰካበት ሸዋልን ይጠብቃል።

ሸዋል ሲገባም ልማዱ አይቋረጥ። ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ የተወደደው፣ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በረመዷን 20 ገጽ የለመደ ሰው በሌላው ወር ሁለት ገጽ ቢቀራ ከዓመት ዓመት ሳያቋርጥ ያኸትማል፤ የቀረውም ሰዓት ለሲራው፣ ለታሪኩ፣ ለልብ ወለዱ ይበቃል። አባቶቻችን እንዳሉት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መልካም የጾምና የንባብ ወር ይሁንላችሁ። ረመዷን ሙባረክ!