በሦስተኛው እርምጃ ላይ

ለማስተርስ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር በሄድኩበት ዓመት አንድ የቼዝ ውድድር ላይ ተመዘገብኩ። የቼዝ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች “መክፈቻ” ይባላሉ። እኔም አንድ መክፈቻ እስከ አሥረኛው እርምጃ ድረስ በቃሌ አጥንቼ ነበር። ተጋጣሚዬ ግን በሦስተኛው እርምጃ ላይ ካጠናሁት መንገድ ወጡ። ደነገጥኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ተሸነፍኩ።

ተጋጣሚዬ ሽማግሌ ነበሩ። ከጨዋታው በኋላ ሰሌዳውን እንደገና ደርድረው አንድ ታዋቂ ጨዋታ አሳዩኝ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1972፣ ቦታው የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ነው። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርና የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠሙ። ከአምስት ጨዋታዎች በኋላ ሁለቱም እኩል 2.5 ነጥብ ነበራቸው። ፊሸር ነጭ ሲይዝ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት በመግፋት ነበር የሚጀምረው። በስድስተኛው ጨዋታ ግን ሌላ ወታደር ገፋ። ጨዋታውም “የንግሥት ጋምቢት” ወደሚባለው መክፈቻ ገባ። በዚህ መክፈቻ ነጭ የሰሌዳውን መሐል ለመያዝ ሲል አንድ ወታደር ለጥቁር ያቀርባል። ስፓስኪ አልበላውም፤ ራሱ በደንብ የሚያውቀውን መከላከያ መረጠ። ፊሸር ግን መሐሉን ይዞ ወታደሮቹን ወደፊት ገፋ፤ ግንቦቹንም ወደ ጥቁሩ ንጉሥ አዞረ። በ41ኛው እርምጃ ስፓስኪ እጁን ሰጠ። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ እሱም አብሮ አጨበጨበ። በመጨረሻም ፊሸር 12.5 ለ8.5 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

“እርምጃውን ብቻ አታጥና” አሉኝ ሽማግሌው፤ “ለምን እንደምትሄድ እወቅ።”

ይህ ምክር ዛሬ በሶፍትዌር ሥራዬም ይጠቅመኛል። በጣም ያስታወሰኝ ግን ውጭ አገር የተወለደው የእህቴ ልጅ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ “እንዴት ነህ የኔ ጌታ?” ስትለው “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላታል። ይህን በቃሉ አጥንቶታል። “ምን በላህ?” ስትለው ግን ዝም ብሎ ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። እሱም እንደኔ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይደነግጣል።

ባለፈው እሑድ “አያትህ የምትፈልገው ድምፅህን መስማት ነው፤ ብትሳሳትም መልስላት” አልኩት። ጥያቄው ሲመጣ ትንሽ አሰበና “እንቁላል በላኝ” አላት።

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “አይ፣ አንተ ነህ የበላኸው!” አለችው። ቀጥላም ማን እንደጠበሰለት ጠየቀችው።

በዚያን ቀን ስልኩን አላቀበለኝም።