የቡድን መልእክትና የሥራ ሰሌዳ፤ ሁለቱን አገናኝቶ ልብን ሰብስቦ ስለ መሥራት

በዛሬው ጊዜ በየኮሌጁ የሚሰጠው የቡድን ጥናት ከሞላ ጎደል የሚካሄደው በእጅ ስልክ ነው። መምህሩ አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎችን በአንድ ርእስ ላይ ሲመድብ፣ ተመዳቢዎቹ አስቀድመው የሚያደርጉት ነገር የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ነው። ከዚያ ወዲያ ርእሱን ማጥበብ፣ መጠይቁን ማረም፣ ሥራውን መከፋፈል፣ ቀጠሮ መያዝ፣ መወቃቀስም ቢሆን በዚያው ግሩፕ ውስጥ ይፈጸማል። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ይህን ክፍል የያዘው ማን ነበር?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህስ የተወሰነው መቼ ነው?» የሚል ነው። የቡድኑ አባላት ሁሉ አንድ ዐይነት ማርክ የሚያገኙ በሆነ ጊዜ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መጥፋቱ ቀላል ጉዳት አይደለም። የሠራው ካልሠራው ሳይለይ ይቀራል፤ ባልንጀርነትም ይሻክራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ይህ ችግር ከሰዎች ስንፍና ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፣ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ሥራዎችን በአንድ መሣሪያ ለመፈጸም ከመሞከር ጭምር የሚመነጭ መሆኑን ነው። ቀጥሎም ሁለቱ ሥራዎች እየራሳቸው መሣሪያ ኖሯቸው እንዴት ሊገናኙ እንደሚችሉ እናሳያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የሁለቱ መሣሪያዎች ጠባይ

የቡድን መልእክት መሣሪያ የምንለው ብዙ ሰዎች በአንድ ቦታ የሚጻጻፉበትን ፕሮግራም ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1988 በፊንላንድ አገር በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የሠራው አይ አር ሲ የተባለው ነው። ቴሌግራም በ2013 ወጣ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀው ስላክ ደግሞ በዚያው ዓመት ለሙከራ ቀርቦ በ2014 ለሁሉም ተከፈተ። የስላክ አመጣጥ ራሱ ትምህርት አለው። ስቱዋርት ባተርፊልድና ባልደረቦቹ ግሊች የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲያዘጋጁ እርስ በርስ ለመነጋገር ያበጁት መሣሪያ ነበር፤ ጨዋታው በ2012 ሲዘጋ መነጋገሪያው ተርፎ ዋና ሥራቸው ሆነ። እንግዲህ የመልእክት መሣሪያ ጠባይ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን እየገፋ ያልፋል። ፈጣን መሆኑ ጥቅሙ ነው፤ የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ደግሞ ጉድለቱ ነው።

የሥራ ሰሌዳ የምንለው ግን ሥራዎች አንድ በአንድ በካርድ ተጽፈው፣ «ያልተጀመረ»፣ «በመሠራት ላይ ያለ» እና «ያለቀ» በሚሉ ዓምዶች ሥር የሚደረደሩበት ነው። የዚህ ሐሳብ ምንጭ ጃፓን ነው። በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ካንባን በሚባል ካርድ የሚሠራ ዘዴ አቋቋመ፤ ይኸውም የኋለኛው ክፍል ዕቃ ሲወስድ ካርዱ ወደ ፊተኛው ክፍል ይመለሳል፣ የፊተኛውም ክፍል በካርዱ ከተጠየቀው በላይ አይሠራም። ይህን መልክ ወደ ኮምፒዩተር ካመጡት ፕሮግራሞች መካከል በ2011 የወጣው ትሬሎ ይገኝበታል፤ አትላሲያን የተባለው ኩባንያም በ2017 በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። የሰሌዳ ጠባይ እንደ ጎተራ ነው፤ የገባበት ነገር እስኪወጣ ድረስ በቦታው ይቆያል።

ለ. የአእምሮ ትኩረትና የመልእክት ብዛት

ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው የሶፍትዌር ሥራ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የቡድን አባላት ቁጥር ሲጨምር በመካከላቸው ያለው የመነጋገሪያ መንገድ ከቁጥራቸው በላይ እየፈጠነ ይበዛል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የአባላቱን ቁጥር በራሱ አንድ ሲጎድል አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው። ለ5 ሰዎች 10 መንገድ፣ ለ10 ሰዎች 45 መንገድ፣ ለ20 ሰዎች 190 መንገድ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ግሩፕ ውስጥ ሲጻጻፉ እያንዳንዱ ሰው የማይመለከተውንም ነገር ጭምር ይሰማል።

ይህ መቋረጥ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ሶፊ ሌሮይ በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲሻገር ከሐሳቡ ከፊሉ በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀርና ሁለተኛውን ሥራ እንደሚያዳክመው አሳየች። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ግሎሪያ ማርክ ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 ያወጣችው ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አስገኝቷል። በሙከራው ሥራቸው የተቋረጠባቸው ሰዎች ሥራውን የጨረሱት ካልተቋረጠባቸው ፈጥነው ነበር፤ ነገር ግን ጭንቀታቸው፣ ብስጭታቸውና የጊዜ ጥበት ስሜታቸው በዝቶ ተገኘ። ስለዚህ መቋረጥ ሁልጊዜ ሥራን ያዘገያል ብለን በጥቅሉ መናገር አንችልም፤ ፍጥነቱ የሚገዛው ግን በሠራተኛው ድካም ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 ያወጡት ጥናት ነው። ያልተፈጸመ ዓላማ ሰውን በሌላ ሥራ ላይ ሳለ በሐሳቡ እየገባ ያውከዋል፤ ይሁን እንጂ ዓላማውን መቼና እንዴት እንደሚፈጽም በዝርዝር እንዲያቅድ በተደረገ ጊዜ፣ ሥራው ገና ሳይሠራ ሁከቱ ይቀንሳል። ከዚህ የምንረዳው ሰሌዳው ለማስታወስ ብቻ የሚያገለግል አለመሆኑን ነው። ሥራው በታማኝ ቦታ ባለቤትና ቀን ተሰጥቶት ሲጻፍ፣ አእምሮ ሸክሙን ያወርዳል።

ሐ. በአገራችን የኖረ ልማድ

መልእክትንና መዝገብን ለይቶ ማገናኘት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በእድር ውስጥ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው በሰፈሩ እየዞረ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋል። ድንኳን የመትከል ተራው የማን እንደሆነ፣ ወርኀዊ መዋጮውን ያልከፈለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በጸሐፊው መዝገብ ነው። መዋጮ ያልከፈለውን ሰው በጡሩንባ የሚጠራ እድር የለም፤ ለቅሶንም በመዝገብ ብቻ ጽፎ የሚተው አይገኝም። ጡሩንባው ሰው ይሰበስባል፤ መዝገቡ ኀላፊነትን ይይዛል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ደብዳቤ ሲገባ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ኀላፊው በራስጌው ላይ ለማን እንደተመራ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ ባለጉዳዩ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ በቁጥሩ ይፈለግለታል። በግሩፕ ውስጥ የሚጻፉ ብዙ መልእክቶች ያልተመሩ ደብዳቤዎች ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

መ. ሁለቱን የማገናኘት ዘዴ

ከላይ ከተባለው ተነሥተን አራት ሥርዓቶችን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ውይይቱ በግሩፕ ይሁን፣ ውሳኔው ግን በሰሌዳ ይጻፍ። አንድን ሰው ሥራ የሚያስይዝ ማንኛውም መልእክት በዚያው ዕለት ካርድ ይውጣለት። ካርዱ አራት ነገር ይያዝ፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የአንድ ሰው ስም፣ ቀኑን፣ አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ሥራ ባለቤት የለውም። ስላክን ከትሬሎ ወይም ከአሳና ጋር ያያያዘ ቡድን መልእክቱን በቀጥታ ወደ ካርድ ሊለውጠው ይችላል። በቴሌግራም ለሚሠራ ቡድን ግን አራት ዓምድ ያለው የጉግል ሺት ሠርቶ ሊንኩን በግሩፑ ራስጌ ላይ መሰካት ይበቃል። ኢንተርኔት በሚጠፋበት ወይም ፓኬጅ በሚያልቅበት ጊዜ በዶርም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ያው ሰሌዳ ነው።

ሁለተኛ፤ ሰሌዳው ግሩፑን አያጨናንቅ። ፕሮግራሞቹ ሲያያዙ እያንዳንዱ የካርድ እንቅስቃሴ በግሩፑ እንዲለፈፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን ከበሽታው የከፋ መድኀኒት ነው። ያለቀውና ቀኑ ያለፈበት በቀን አንድ ጊዜ ቢነገር በቂ ነው።

ሦስተኛ፤ ዝምታ የሚጠበቅበት ሰዓት ይወሰን። በእነዚያ ሰዓቶች የግሩፑ ድምፅ ይዘጋል፤ መልእክት በቀን ሁለት ጊዜ ይታያል፤ በእውነት የሚያስቸኩል ነገር ያለው ሰው ስልክ ይደውላል።

አራተኛ፤ በአንድ ጊዜ የሚጀመሩ ሥራዎች ቁጥር ይገደብ። ጆን ሊትል በ1961 ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፣ ሥራ የሚገባበትና የሚወጣበት ፍጥነት በተስተካከለ ጊዜ፣ አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ በእጅ ያለው ሥራ ብዛት ለሚጨረሰው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ያህል የጤፍን የችርቻሮ ዋጋ የሚያጠኑ አምስት ተማሪዎች በሳምንት 3 ሥራ የሚጨርሱ ቢሆኑና 12 ሥራ ቢጀምሩ፣ እያንዳንዱ ሥራ በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል። የተጀመረውን ወደ 6 ዝቅ ቢያደርጉት በ2 ሳምንት ይወጣል። ጉልበታቸው አልጨመረም፤ የጀመሩትን ብቻ አሳንሰዋል።

ሠ. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

«ይህ ሁሉ ድርብ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ካርድ መጻፍ ጊዜ መውሰዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጠፋን ውሳኔ በሺህ መልእክት መካከል መፈለግ የበለጠ ይወስዳል። መልእክቱም ለዘለዓለም የሚገኝ አይደለም፤ ስላክ በ2022 በነፃ ለሚጠቀሙ ቡድኖች የሚታየውን መልእክት በ90 ቀን መወሰኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ሰሌዳው መሰለያ እንዳይሆን የሚፈራ ነው። ፍርሀቱ ከንቱ አይደለም። አሥር ትናንሽ ካርድ የጨረሰ ተማሪ አርባ ቃለ መጠይቅ በአንድ ካርድ ከገለበጠችው ተማሪ የበለጠ የሠራ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መምህራን ማርክን በካርድ ብዛት እንዳይሰጡ እናሳስባለን። ሰሌዳው የሚመሰክረው ማን ምን እንደያዘ ነው፤ የሥራውን ክብደት ሰው ራሱ አይቶ ይፈርዳል።

ይህም ሆኖ ሰሌዳው ከሁሉ የሚጠቅመው በግሩፕ ውስጥ ድምፁ የማይሰማውን ነው። ሌሊት በተወሰነ ጉዳይ ላይ ያልነበረው፣ ካርድ ሞልቶ ኢንተርኔት መግዛት ያቃተው፣ ብዙ ሠርቶ ጥቂት የሚናገረው ተማሪ፣ በጠዋት ሰሌዳውን አይቶ ድርሻውንና የባልንጀሮቹን ድርሻ ያውቃል። በመጪው የትምህርት ወቅት የቡድን ጥናት የሚጀምሩ ሁሉ በመጀመሪያው ስብሰባቸው ሦስት ነገር እንዲወስኑ እንመክራለን፤ ሰሌዳው የት እንደሚሆን፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ስልኩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ። ለዚህ ሩብ ሰዓት ይበቃል።