ስትስቁ ሽንት ያመልጣችኋል?

ከወለዱ በኋላ ሲስቁ፣ ሲያስሉ ወይም ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት ወይም ፈስ የሚያመልጣቸው እህቶች ብዙ ናቸው። አፍረው አይናገሩም። እኛ ዛሬ በግልጽ እናውራው።

ፊኛንና ፊንጢጣን ከታች ደግፎ የያዘ ጡንቻ አለ፤ በምጥ ተለጥጦ ይዳከማል። «ባዮፊድባክ» የሚባለው ሕክምና ይህን ጡንቻ ያሠለጥናል፦ ትንሽ መለኪያ ፊንጢጣ ውስጥ ወይም ቆዳ ላይ ይደረግና ጡንቻው ሲጠብቅና ሲላላ ስክሪን ላይ ይታያል። ማሽኑ መስታወት ነው እንጂ ሥራውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ሆድ ድርቀት ካለባቸውም አንዳንዶቹ ሲያምጡ ማላላት ሲገባቸው ስለሚያጠብቁ፣ በዚሁ ማላላትን ይማራሉ።

ለሚያመልጣችሁ ማሽኑ ባይኖርም ልምምዱ ቤት ውስጥ ይቻላል። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋችሁ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ትንፋሽ አትያዙ፤ ለውጡም በሳምንታት እንጂ በአንድ ቀን አይመጣም። (ድርቀት ያለበት ሰው ግን ይህን ሳይመረመር አይጀምር፣ ሊያብስበት ይችላል።)

ከረዥም ምጥ በኋላ ሽንት ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ፊስቱላ፣ ማለትም ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ በልምምድ አይደፈንም። ከእንጅባራ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ሲገባ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፤ ሕክምናው በነፃ ነው።

አማርኛ የማታነብ እናት ካለች በአውኛ ንገሯት።